«ለ» ጠብቃ ትነበብልኝ

ጥቅምት 2015 ዓ.ም.
ሙቱንጎ፣ ካምፓላ

ለተከበሩ አቶ መሸሻ
የ«አደይ» የመስከረም ጉዞ ማኅበር ሰብሳቢ
ቡጎሎቢ

ጉዳዩ፦ አንዲት ፊደል ጠብቃ እንድትነበብ በትሕትና ስለመለመን

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ በኮስተር አውቶቡስ ወንበር ላይ ለተንገላታው ወገብዎ እፎይታ፣ ለማኅበራችን ማኅተም ደግሞ ረጅም ዕድሜና የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ። ማኅተሙን ከቤተሰብዎ ጋር አብሬ በማንሳቴ እንዳይገረሙብኝ። በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የምለምነው እሱኑ ስለሆነ፣ ከወዲሁ ሰላምታ ላቀርብለት ብዬ ነው።

እርስዎ ያውቁኛል። ደብዳቤውን በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ለሚያነቡት ወገኖች ግን ማንነቴን ልናገር። ስሜ አብዱልወሀብ ነው፣ የወሎ ሰው ነኝ፣ ሰውና ካርቶን እየተጋፉ በሚያልፉበት በኪኩቦ ገበያ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ብርድ ልብስ ላደርስ። ማንበብና መጻፍ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ በአጻጻፌ የጎደለ ነገር ካገኙ ያን ጊዜ ስኳሩ የሸፈነብኝ ቦታ ነውና ይለፉኝ። በኪኩቦ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በቀልዴ ነው። ይህን በኩራት ስናገር ኖሬአለሁ፤ ዘንድሮ ግን ለምን እንደቆጨኝ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

በጉዞው ላይ ተረስታ የቀረችው ጦይባ የእህቴ ልጅ ናት። በዚህ አገር ከእኔ በቀር የሥጋ ዘመድ የላትም። ባለቤቷ ሃሩን ጁባ ይነግዳል፣ ወራት እየቆየ ይመላለሳል፣ ሁልጊዜም ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውልላት ነበር። «ነበር» የሚለውን ቃል የጨመሩልን እርስዎ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬን ከነዝርዝሩ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

አንደኛ። ለአዲስ ዓመት የመርቺሰንን ፓርክ ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው «አዲሱን ዓመት በተፈጥሮ ጸጥታ ውስጥ እንቀበል» ይል ነበር። ከሁለት ዓመት የኮሮና መዘጋት በኋላ ካምፓላ በሙሉ ለዚያው ቅዳሜ እዚያው ቦታ መቀጣጠሩን ግን በድንገት ሊያስደስቱን አስበው ነው መሰል አልነገሩንም። በሩ ላይ የተሰለፈው መኪና ዓርብ ማታ የጂንጃን መንገድ ከሚዘጋው የሚያንስ አልነበረም። አንበሳውን አላየሁትም፤ አንበሳውን የሚያዩትን ሰዎች ጀርባ ግን በሚገባ አጥንቼ ተመልሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ኦብሳ «ጋሼ፣ ያውና ጆሮው! ያውና!» እያለ ሲያሳየኝ የቆየው ነገር፣ በኋላ ሲነሣ የአንዲት ቱሪስት ኮፍያ ሆኖ ተገኘ። ይህን የማነሣው ለማማረር አይደለም። በዚያ ቀን ፓርኩ ውስጥ ነጭ ኮስተር የነበረን እኛ ብቻ እንዳልነበርን፣ ነጭ ኮስተርም ከነጭ ኮስተር እንደማይለይ ሁላችንም ከማለዳው ስላየን ብቻ ነው።

ሁለተኛ። በሁለቱ መኪኖቻችን ላይ ስለነበረው አቀማመጣችን አመሰግናለሁ። «ሽማግሌዎች ይቅደሙ» ብለው እኔን በፊተኛው መኪና ከእርስዎ ኋላ ሲያስቀምጡኝ አክብሮትዎ ልቤን ነክቶታል። ሴቶቹንና ምግቡን በአንድ ላይ በኋለኛው መኪና መጫንዎም የኮሚቴው አሠራር ምን ያህል የተጣራ እንደሆነ ያሳያል። ለሙስሊሞቹ ተጓዦች የሚበላውን ያዘጋጀችው ጦይባ ስለነበረች፣ ከሳምቡሳው ሳጥን አጠገብ ወንበር ተሰጣት። የኋለኛው መኪና ኃላፊ የኮሚቴው ጸሐፊ አማኑ ነበር።

ከመርቺሰን ፏፏቴ አናት ስንደርስ የነበረውን እርስዎም ያስታውሳሉ። ውኃው ሌላ ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም፤ ሰው አጠገቡ ላለው ሰው ጆሮ ላይ አፉን ተክሎ ይጮኽ ነበር። መኪና ማቆሚያው ሞልቶ ስለነበር ዘበኞቹ ፎቶ ያነሣውን ሁሉ «ውጡ፣ ለሌላው ቦታ ልቀቁ» እያሉ ያጣድፉን ነበር። በዚህ መሐል ጦይባ የዙሁር ሶላት ሳያልፋት ልትሰግድ ፈለገች። አጠገቧ ለተቀመጠችው ለዓለምሸት «ዓለምሸትዬ፣ ቦርሳዬን እይልኝ፣ ሰግጄ መጣሁ» ብላ ከማረፊያው ዳስ ኋላ ሄደች።

እዚህ ላይ የተከበሩት ሰብሳቢ ለአፍታ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። እኛ ሰዎች ስንሄድ «መጣሁ» እንላለን። ገና እግራችን ሳይነሣ መጥተናል። ሌላ ሕዝብ እንዲህ ያደርግ እንደሆነ አላውቅም። ዓለምሸት መንገዱ አዙሯት ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ተኝታ ነበር፣ የሰማችውም በግማሽ ጆሮ ነው። እሷን አልወቅሳትም፤ መጥታ ጉልበቴን ይዛ አልቅሳለች፣ እኔም አስነሥቼ የቀረውን ዕንባዋን ለሚገባው ሰው እንድታስቀምጥ ነግሬአታለሁ። አማኑ በር ላይ ቆሞ «ጦይባስ?» ሲል እሷ ከሻርፑ ውስጥ «ሰግጄ መጣሁ ብላለች» አለች። ቦርሳዋ ወንበሯ ላይ ነበር። መኪናው ሙሉ ሰው በአንድ አፍ «አለች! አለች!» አለ። የሌለን ሰው «አለ» ብሎ ማገዝ ደግሞ የእኛ ደግነት ነው፤ ስብሰባ ላይ እርስዎም ብዙ ጊዜ የተጠቀሙበት ይመስለኛል።

አማኑም በስልኩ ለፊተኛው መኪና ጻፈ፦ «ጦይባ አለች ሂዱ»።

ይህን መልእክት በኦብሳ ስልክ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነጠላ ሰረዝ የለው፣ አራት ነጥብ የለው፣ ሦስት ቃል ብቻ ነው። እርስዎም ከፊት ወንበር ዞር ብለው ለሁላችን ጮክ ብለው አነበቡልን። «ለ»ን ጠበቅ አድርገው ነው ያነበቧት፣ ጦይባ መኪናው ውስጥ አለች፣ ትገኛለች ማለት ነው። ከዚያም «በሉ ጦይባ አለች፣ እንሂድ» ብለው የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ያን ቀን ንባብዎ ምንም አልነበረበትም። የተበላሸው ወደ ካምፓላ ከተመለስን በኋላ ነው።

ሦስተኛ። ማሲንዲ ከተማ ለምሳ ስንቆም ስላሳዩት የአመራር ብስለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጦይባ መቅረቷ የታወቀው ሰው ስለፈለጋት አልነበረም። ሳምቡሳ ስለተፈለገ ነው። «ሳምቡሳውን የሚያድለው ማነው? ጦይባ የታለች?» ተባለ፣ ወዲያና ወዲህ ተባለ፣ ከዚያ ስልኳ ሲደወል ከራሷ ወንበር ላይ፣ ከቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። ያን የስልክ ጥሪ ዛሬም የሌላ ሰው ስልክ ሲጮኽ እሰማዋለሁ።

እኔ ሁለቱም መኪኖች ይመለሳሉ ብዬ ወደ በሩ ተራምጄ ነበር። እርስዎ ግን ፎርት ፖርታል ላይ ሆቴል መያዙን፣ በማግስቱም ሁለተኛው ፓርክ እንደሚጠብቀን አስረድተው «የአንድ ሰው ጉዳይ ለብዙኃኑ መርሐ ግብር እንቅፋት ሊሆን አይገባም» በማለት ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። እጅ ወጣ። ከወጡት እጆች በአንዳንዶቹ ላይ የጦይባ ሳምቡሳ ነበር። እንደሚያውቁት ፖለቲካ አይገባኝም፤ ዴሞክራሲ ሲበላ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ስለዚህ እናንተ ወደ ሁለተኛው ፓርክ፣ እኔ ወደ መጀመሪያው ሄድን። ቦርሳዋን አንግቼ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ስወጣ ነጂው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሙዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ የሴት ቦርሳ ይዘህ ከማን ቤት ነው የምትሸሸው?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምመልስለት አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን ቦርሳውን አቅፌ «ንዳ» ብቻ አልኩት።

በሩ ላይ ስደርስ መሽቶ ተዘግቷል። ዘበኛው ግን ደግ ሰው ነበርና በሬዲዮው ጠየቀልኝ፣ ቆየና ፈገግ ብሎ «ልጅህ ተገኝታለች ሙዜ፣ ኬቨን ቤት ናት፣ እዚያ ታድራለች፣ ጠዋት ና» አለኝ። ኬቨን። የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣ ያችን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልተርክልዎትም። ይህን ያህል ብቻ ይወቁልኝ፦ በማግስቱ የፓርኩ ሠራተኞች በሚጫኑበት መኪና ጀርባ ላይ ሆኜ ስገባ፣ ለአቶ ኬቨን የምናገረውን ንግግር አዘጋጅቼ፣ ንግግሩ ካልበቃ ደግሞ ከመንገድ ዳር አንድ ዱላ ይዤ ነበር።

ኬቨን ወጥታ ተቀበለችኝ። ወጥታ ነው ያልኩት። ሕፃን ታጠባ ነበር። በፏፏቴው ማረፊያ የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ የአቾሊ ብሔረሰብ ሴት፣ ባሏ ጉሉ ከተማ የሚሠራ፣ የሦስት ልጆች እናት። በዚህ አገር፣ በተለይ በሰሜን በኩል፣ ኬቨን ተብለው የሚጠሩ ስንት ሴቶች እንዳሉ ይህን ያህል ዘመን የኖርን ሰዎች ልናውቀው ይገባን ነበር። እኔ አላወቅሁም። ዱላውን በጓሮ በኩል ጣልኩት፤ አንደኛው ልጇ ወዲያው አንሥቶ ፈረስ አደረገው።

ጦይባ ደጃፉ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች፣ ያንን ቢጫ የማኅበራችንን ቲሸርት ከቀሚሷ በላይ እንደለበሰች። ስታየኝ መጀመሪያ ያለችኝ «ጋሼ፣ ሳምቡሳው ተበላ?» ነው። «ተበላ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

እንደነገረችኝ ሰግዳ ስትወጣ ማቆሚያው ነጭ ኮስተር በነጭ ኮስተር ሆኖባታል። አንዱን ከፍታ ገባች፣ የቻይና ሰዎች ነበሩ። ሌላውን ከፍታ ገባች፣ መነኮሳት ነበሩ። ስሜን እየጠራች ጮኸች፣ ውኃው ዋጠው። መንገዱን ይዛ በእግሯ ልትከተለን ስትጀምር፣ መጥረጊያ የያዘች ሴት ሮጣ ክንዷን ያዘቻትና በእጇ የአንበሳ ጥፍር እየሠራች መለሰቻት። ይህችው ሴት ቤቷ ወሰደቻት፣ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ባቄላ አበላቻት፣ አልጋዋን ለቀቀችላትና እሷ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች። የእርስዎ ስልክ ቁጥር በቲሸርታችን ጀርባ ላይ የታተመ ስለሆነና የሰው ልጅ የራሱን ጀርባ ማንበብ ስለማይችል፣ ኬቨን ከጦይባ ጀርባ ላይ አንድ በአንድ አንብባ፣ በራሷ ስልክ «ኬቨን ቤት ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ለጋሼ ንገሩልኝ» የሚል መልእክት እንድትልክልዎ አደረገቻት። መልእክቱ ደርሶዎታል። ለእኔ ግን አልነገሩኝም። ለማን እንደነገሩ አሁን እመጣበታለሁ።

አራተኛ። ከጉዞው መልስ በማኅበሩ ገጽ ላይ ማኅተም አሳርፈው ያወጡት መግለጫ የሚከተለውን ይላል፦ «ጉዞአችን በታላቅ ድምቀትና በሰላም ተጠናቋል። አንዲት ተሳታፊ፣ ‹ጦይባ አለች ሂዱ› በሚለው መልእክት በግልጽ እንደተመለከተው፣ በገዛ ፈቃዷ ወደኋላ ቀርታ ኬቨን በተባሉ የፓርኩ ባልደረባ መኖሪያ ቤት ያደረች ሲሆን፣ በማግስቱ በደህና ተመልሳለች።»

ምን እንዳደረጉ ማየት የቻልኩት ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው። መኪናው ውስጥ ጠብቃ የተነበበችውን «ለ» ቢሮ ሲገቡ ላልታ እንድትነበብ አደረጓት። ጠብቃ ስትነበብ «ጦይባ አለች፤ እናንተ ሂዱ» ናት። ላልታ ስትነበብ «ጦይባ ‹ሂዱ› አለች» ሆነች፤ እኔን ተዉኝ፣ እዚሁ ልቅር ያለች ሴት ሆነች። አንዲት ፊደል እንኳ አልነኩም። የማላደንቅዎ ከሆነ ግፍ ይሆንብኛል፤ እኔ በሕይወቴ ብርድ ልብስ ነው እንጂ ፊደል ሲለጠጥ አይቼ አላውቅም።

ኬቨንንም ቢሆን አልበደሏትም፣ አከበሯት። «የተባሉ» አሏት። አንቱታ ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ እርስዎ ያስቀሩትን «አቶ» ያነበበው ሰው ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ ጨመረበት። በአክብሮት ብዛት ልጅ የምታጠባን ሴት ወንድ ያደረገ ሰብሳቢ ከእርስዎ ሌላ አላውቅም።

ቡጎሎቢ ድረስ መጥቼ ሳነጋግርዎ በትዕግሥት ተቀብለውኛል። አማኑም እዚያው ነበር፤ ልጁ ላብ እያጠመቀው «ጋሼ፣ ወላሂ በሉኝ፣ እኔ የጻፍኩት አለች ነው እንጂ አለች አይደለም» አለ። ይህን ንግግሩን በጽሑፍ ሳሰፍረው ምንም ትርጉም እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከኮሚቴው አፍ የሰማሁት ብቸኛው እውነት እሱ ስለሆነ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፣ አንባቢ ጮክ ብሎ ያንብበው። እርስዎ ግን ረጋ ብለው «ጋሼ አብዱልወሀብ፣ መጥፋት ካልን ኮሚቴው ይጠየቃል፣ መቅረት ካልን ግን የሚጠየቅ የለም፤ ለሁላችንም የሚሻለው እሱ ነው» አሉኝ። ስምዎ መሸሻ መሆኑ ላይ ቀልድ አልጨምርም፤ ወላጆችዎ ሲያወጡልዎ ሌላ ነገር አስበው ነበር።

እንግዲህ «ለሁላችንም» ያሉት ውስጥ ጦይባ እንዴት እንደሆነች ልንገርዎ። ኪኩቦ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጥበትን ቦታ ትታዋለች። የመጨረሻው ቀን አንዲት የአገራችን ሴት ጨርቅ እየነካች «ጦይብዬ፣ ኬቨን ደህና ነው?» አለቻት፣ ሌሎቹም ሳቁ። ጦይባ ጨርቁን አጠፈችላት፣ ሒሳብ ተቀበለች፣ ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ሙቱንጎ ቤቷ ተቀምጣ የቪክቶሪያን ሐይቅ ታያለች። ዓርብ ዓርብ ስልኳን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣለች።

ሃሩን መግለጫውን ጁባ ሆኖ በስልኩ አንብቦታል። በዚያው ዓርብ አልደወለም፣ በሚቀጥለውም አልደወለም። ስትደውልለት አያነሣም። በመጨረሻ እኔ በሰው ስልክ ደወልኩለትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ውኃውን፣ ሻርፑን፣ ሳምቡሳውን፣ ቲሸርቱን። «እሺ፣ እሺ» እያለ ሰማኝ። ኬቨን ሴት ናት ስለው ግን ድምፁ ተለወጠ። «ጋሼ» አለኝ፣ «በዚህ ነገር እንኳ ይቀልዱብኛል?»

ለምን እንደቆጨኝ እመጣበታለሁ ያልኩት ይህን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሃሩን ላይ ስቀልድ ኖሬአለሁ። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ሐሳቧን ቀይራለች ብዬ አስደንግጬዋለሁ። አንድ ጊዜ ጁባ ሳለ ሱቁን ዝሆን ገባበት ብዬ አስደውዬዋለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እየሳቀ ይቅር ሲለኝ ኖሮ፣ ዛሬ በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እውነተኛውን ነገር ስነግረው እንደ ቀልዶቼ ሰማው። «እርስዎ አጎቷ ነዎት፤ መግለጫው ግን ማኅተም አለው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የእኔ ምስክርነት ማኅተም የለውም። ዓለምሸትም የላትም። ኬቨንም፣ ልጇን አቅፋ ጁባ ድረስ ብትሄድ እንኳ፣ የላትም። ማኅተሙ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። የአንዲት ሴት የዘጠኝ ዓመት ትዳር በእርስዎ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። ኮሚቴው ይጠየቅ አላልኩም፣ ይቅርታ ይጻፍ አላልኩም፣ የተበላው ሳምቡሳ ይመለስ አላልኩም። ያው መግለጫ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ያው ማኅተም ያረፈበት፣ የሚከተለውን ብቻ ያውጡልኝ፦ «ጦይባ በገዛ ፈቃዷ አልቀረችም፣ ረስተናት ሄድን። በመልእክቱ ውስጥ ያለችው ‹ለ› ጠብቃ ትነበብ። ኬቨን ሴት ናት።» ረዘመ ካሉ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ይቀንሱ፣ ኬቨን ራሷ ታስረዳለች። ከመጀመሪያው ግን አንድም ቃል አይቀነስ።

ብዙ ሥራ እንዳለብዎ አውቃለሁ። የጥምቀት ጉዞ ምዝገባ መጀመሩን ሰምቻለሁ፤ ማስታወቂያው «ማንም ወደኋላ አይቅር» እንደሚልም አይቻለሁ። እኔም በበኩሌ ተመዝግቤአለሁ። የተመዘገብኩት ግን በኋለኛው መኪና ነው፣ እዚያ ሆኜ ሰው በአካል እቆጥራለሁ፤ በድምፅ ብልጫ የሚቀር ካለም አብሬው እቀራለሁ።

ከእርስዎ ዘንድ ያገኘሁትን ትምህርት ሁሉ በምስጋና እያስታወስኩ፣ ቀሪው ዘመንዎ እርስዎ በሌሉበት ማንም «አሉ» የማይልበት፣ ባሉበትም «በገዛ ፈቃዳቸው ቀሩ» የማይባልበት እንዲሆን ከልቤ እየተመኘሁ፣

በፊተኛው መኪና ከኋላዎ ተቀምጦ የነበረው፣
የጦይባ አጎት፣
አብዱልወሀብ
(ማኅተም የሌለው)

ግልባጭ፦
ለጸሐፊ አማኑ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው
ለወ/ሮ ኬቨን፣ ከነአክብሮቷ
ለሃሩን፣ ጁባ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልልከው ስል ስልኬ ጮኸ። ከሃሩን ነው፣ ከዚያ ንግግራችን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ቃል ጽፏል፦ «ጦይባ አለች?»

ደጋግሜ አነበብኩት። ጠብቃ ከሆነች አለች ወይ፣ ቤት ናት ወይ፣ ደህና ናት ወይ ማለቱ ነው። መልሱም ከእኔ ዘንድ ነው፦ አለች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነው። ላልታ ከሆነች ግን እውነት «ሂዱ» ብላ ነበር ወይ ብሎ መጠየቁ ነው፤ የዚያ መልስ ከእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ እስካሁን አልመለስኩለትም፣ እርስዎን እየጠበቅሁ ነው። መልእክቱንም ለጦይባ አላሳየኋትም። ካሳየኋት ጠብቃ እንደምታነባት አውቃለሁና።